ጋሽ ጥላዬ የፈቱት ጉልበት

ጋሽ ጥላዬ ማረፋቸውን የሰማሁት ዓለም ከተማ ነው። አውቶቡስ ደርሶ ሰዉ ዕቃውን ሲያወርድ፣ አንድ የአገሬ ሰው ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አየኝና፣ «ወጌሻው አረፉ እኮ! አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

«የትኛው ወጌሻ?» አልኩት።

የሞኝ ጥያቄ! በኛ መንደር ወጌሻ ከተባለ ጋሽ ጥላዬ ናቸው፤ ሌላ አልነበረም። እንዲያው ለአፍታ ሌላ ሰው ቢሆንልኝ ብዬ ነው። ሰውየው ገርሞት፣ «ኧረ የኛው ጋሽ ጥላዬ! ሦስት ሳምንት ሆናቸው» አለና መንገዱን ቀጠለ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ መርሐቤቴ ተዛውሬ አስተምር ነበር። የምሳ ሰዓት አልቆ ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው። ገብቼ ምን እንዳስተማርኳቸው አላውቅም።

ለቀብራቸው ባልደርስ ለአርባቸው ልድረስ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው የእሳቸውን እጅ ነበር።

ጋሽ ጥላዬ አጭር፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ላያቸው ሰው አጥንት የሚገጥሙ ሳይሆን ንፋስ የሚወስዳቸው ነው የሚመስሉት። እጃቸው ደግሞ ትንሽ፣ የሴት እጅ የመሰለ ነው። ሥራውን የለመዱት በጠላት ጊዜ፣ ጫካ ለጫካ ከአርበኞች ጋር ሲዞሩ፣ ጥይት የሰበረውን እግር በሸምበቆ እያሰሩ ነው። ስለዚያ ዘመን አውሩን ሲባሉ፣ «እኔ ማሰር እንጂ መተኮስ የት አውቄ!» ብለው ይዘጉታል። የታመመ ሰው ሄዶ እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲያ ሆንኩ ማለት ሲጀምር፣ «አፍህን ተወው፣ እጄ ይየው» ይሉታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳብሱታል። ዓይናቸው ተጨፍኖ እጃቸው ብቻ ሲሠራ ማየት ያስፈራ ነበር።

ተንኮለኛም ነበሩ። ገና ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር መረብ ኳስ ስጫወት ጣቴ ወለቀ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ «ለመሆኑ አንተ አስተማሪ፣ ያ ያባትህ ቀይ በሬ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ። «ቦራ ነው መሰለኝ፣ አይ ቦራስ...» ከማለቴ ቋ! ጣቴ ቦታው ገብቷል። እሳቸው እየሳቁ፣ «የበሬውን ስም አስታውሰህ ስትመጣ ትነግረኛለህ» አሉ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ «እህስ፣ ትዝ አለህ?» ይሉኝ ነበር።

ጉልበት የመጣ ቀን ግን ቀልድ የለም። ፊታቸው ይጠቁራል። «አጥንት ያሰሩትን ይሰማል፣ ጉልበት ግን ልቡ አይገኝም» ይሉ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ በሽፈራው ነው።

ሽፈራው አብሮ አደጌ ነው፤ ለእናቱ ለእትዬ አስካለ አንድ ልጅ። አባቱ ቀደም ብሎ ስለሞተ ከዘመሮ በታች ያለውን ዳገታማ መሬታቸውን የሚያርሰው እሱ ነበር። የሱን ያህል ገና የሚጫወት በዚያ አገር አልነበረም። ዱላውን ይዞ እየሮጠ፣ ሰው ያዝኩት ሲል፣ ባንድ እግሩ እንደ እንዝርት ዞሮ ያመልጣል። እኛ የታች አምባ ልጆች ደግሞ በላይ አምባዎች ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈን፣ ገበያ ላይ እንኳን ቀና ብለን መሄድ አቅቶን ነበር። የላይ አምባ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ስማችንን እየጠሩ ይዘፍኑብናል። ያን ዓመት ተስፋችን ሽፈራው ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ገብስ የታጨደበት መስክ ላይ ልምምድ ወጣን። ማንም አልነካውም! እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጥንጓን፣ የእንጨት ኳሷን፣ ተከትሎ እየሮጠ ነበር፤ ለመዞር ቀኝ እግሩን ቀጥ አድርጎ ተከለ፤ እግሩ ቃርሚያው ውስጥ ቀረ፤ ገላው ዞረ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ተጣመመ። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ። ወድቆ መጀመሪያ ሳቀ። ሊነሳ ሲል ግን እግሩ ከዳው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉልበቱ ቅል አክሎ ነበር።

ተሸክመን ጋሽ ጥላዬ ቤት ወሰድነው። የሚካኤልን ዝክር ያወጡ ስለነበር ቤታቸው እንግዳ ሞልቷል። እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ሽፈራው፣ «ጋሼ ወለም ብሎኝ ነው፣ እሽት እሽት ቢያደርጉልኝ...» ሲል፣ «አፍህን ተወው፣ እጄ ይየው» አሉት። አስተኝተው ጉልበቱን አጠፉለት፤ የእግሩን ጣቶች በጭናቸው ተጭነው በሁለት እጃቸው ከጉልበቱ በታች ያዙና ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። አንድ ጊዜ። ወደ ግራው እግር ሄደው እንደዚያው ሳቡ። ተመልሰው ቀኙን ሳቡ። ዓይናቸውን ገለጡ።

እትዬ አስካለ፣ «ምነው ጋሽ ጥላዬ? ይናገሩ እንጂ!» አለቻቸው።

ጋሽ ጥላዬ ወደ ጓዳ ጮኸው ከታረደው በግ ያልተበለተ እግር አስመጡ። በቢላዋ የጉልበቱን ሎሚ ገልብጠው ውስጡን ከፈቱት። «ቅረቡ፣ እዩት» አሉን። ሁለት ነጫጭ ጅማቶች ከመሐል አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድመዋል። «አያችሁ? መስቀል ሠርቶ ነው ያስቀመጠው። ይሄኛው ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ያኛው ወደ ኋላ እንዳይሄድ።» በቢላዋው ጫፍ የፊተኛውን በጠስ አደረጉትና የበጉን ቅልጥም ሳቡት። አጥንቱ ተንሸራቶ ወደ ፊት መጣ። «የልጅሽ ይሄ ነው» አሏት።

«ታዲያ ይስፉልኛ!»

«በምን መርፌ፣ እህቴ? በየት ገብቼ?» አሉ። «አንድ ሐኪም በዚህ ሲያልፍ ጠይቄው ነበር። እሱም እንደኔው እጁን ነው ያገላበጠው። አጥንት ይገጥማል፣ ይሄ አይገጥምም። እኔ የማውቀው አስሬ ማሳረፍ ነው። እስከ ፋሲካ አይፈታም። ከዚያ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እንደምንም ያርሳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የገና ዱላ ግን ከእንግዲህ አይዝም።»

ሽፈራው፣ «ጭራሽ?» አለ።

«ጭራሽ ልጄ» አሉት። ድምፃቸው እንደዚያ ሲቀጥን ሰምቼ አላውቅም። ከባና፣ ከሱፍ ብርድ ልብስ፣ የተቀደደ ረጅም መጠምጠሚያ አምጥተው፣ ግራና ቀኙን ሸምበቆ ደግፈው፣ ከጭኑ እስከ ባቱ አሰሩት።

መቼም እግዜር ሲፈጥረን ያላመመን ነገር የዳነ እንዲመስለን አድርጎ ነው። በሦስት ሳምንቱ እብጠቱ ጠፋ። ሽፈራው የታሰረ እግሩን እየጎተተ ደጅ ደጁን መሄድ ጀመረ። «ምንም አያመኝም እኮ፣ ባናው ነው የሚያሳክከኝ» ይለኛል። ምንም አያመውም ነበር፣ እውነቱን ነው። ጋሽ ጥላዬን ያስቸገራቸውም ይሄ ነበር። የተሰበረ አጥንት ቢረግጡት ያስጮሃል። ያ ጅማት ግን ከተበጠሰ በኋላ ዝም ይላል፤ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለፈ ይመስለዋል። ይህንን ስንት ጊዜ ነገሩን! ማን ሰምቶ?

በኛ ዘንድ ወጌሻ ያሰረውን ካሰረው እጅ በቀር ሌላ አይፈታውም። ፈትቶ የተራመደ እግሩ ይደርቃል ይባላል። ሽፈራው የቱንም ያህል ቢቸኩል ይህንን አይደፍርም። ጋሽ ጥላዬ ደግሞ አንዴ እስከ ፋሲካ ብለዋል። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ስለ ራሴ ብዙ መናገር አልፈልግም፣ ይህችን ግን መዝለል አልችልም። «ሽማግሌ እንላክባቸው!» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላሰበውም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት፣ አስተማሪ የተባልኩት እኔ አሰብኩት። ሦስቱን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኩ። የጋሽ ጥላዬን የነፍስ አባት አባ ገብረ ሥላሴንም ያስቸገርኩ እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ልቧ ሲፈራ፣ «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ አጠገቡ ነኝ» አልኳት። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ!

ጠዋት ላይ ሄድን። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሽፈራው ቀድሞ መጥቶ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው አንገባም፣ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ጥላዬ፣ «ምነው? ምን አጠፋሁ? ግቡ እንጂ!» እያሉ ይለማመጣሉ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ «እሺ ካላልከን አንገባም። የዚህን ልጅ እግር ፍታልን። መንደራችን ሦስት ዓመት አንገቱን ደፋ» አሉ።

«ይሄንንማ ተዉኝ። ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ላሜን ውሰዱ።»

«ላም አልጠየቅንህም።»

«ይሰናከላል እኮ! ልጁ አንድ ነው፣ እናቱ ሌላ የላትም።»

ያን ጊዜ አባ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ጥላዬ፣ ስለዚህ መስቀል ብለህ» አሉ።

ጋሽ ጥላዬ መስቀሉን አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። «አባቴ፣ እባክዎ ዝቅ ያድርጉልኝ። ይሄንን አያምጡብኝ» አሉ። አባ ግን ለመንደሩ ሰላም የለመኑ መስሏቸው ስለነበር መስቀሉን እንደያዙ ቆዩ። ጋሽ ጥላዬ በዕድሜያቸው ሙሉ ስለ መስቀል ተለምነው እምቢ ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ተሳለሙና ሽፈራው እግር ሥር ተንበረከኩ።

ባናውን ዙር በዙር ፈቱት። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «አንተ አስተማሪ፣ ና እዚህ» አሉኝ። እጄን ይዘው ከሽፈራው ጉልበት በታች አስቀመጡት፤ የሳቸውን እጅ በላዩ ጨምረው ሳብ አደረጉ። አጥንቱ ከእጄ ሥር ተንሸራተተ። ልክ እንደ በጉ!

«ተሰማህ?» አሉኝ።

ተሰምቶኛል። ሽፈራው እንደ ሕፃን ፈገግ ብሎ ያየኛል። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል። «እንጃ ጋሼ፣ ደህና ይመስለኛል» አልኩ።

እሳቸው እጄን ለቀቁት። ሽፈራውን «እግዜር ይሁንህ» ብለውት ወደ ቤት ገቡ።

የገና ዕለት መስኩ ሰው በሰው ሆነ። ሽፈራው ገና ከመግባቱ ሁለት ጊዜ አምልጦ ጥንጓን ከላይ አምባዎች ድንበር አሳለፋት። ሰዉ አበደ። ጋሽ ጥላዬ ከዳር ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ጨዋታውን ሳይሆን የሱን ቀኝ እግር ነው የሚያዩት። ለሦስተኛ ጊዜ አምልጦ ወደ እኛ ሲዞር፣ ያንኑ እግር እንደዚያው ቀጥ አድርጎ ተከለው። ጋሽ ጥላዬ እሱ ገና ሳይወድቅ ተነስተው ነበር። ጩኸቱን ግን ሁላችንም ሰማን። ያሁኑ ጩኸት የሱ ነበር።

ጨዋታውን አሸንፈናል። ይኸው አሁን ስጽፈው ነው ትዝ ያለኝ።

ያ ጉልበት ከዚያ ወዲያ ጉልበት አልሆነም። ውስጡ የሚጋጭ ነገር ተፈጥሮ ሳይዘረጋ ሳይታጠፍ መሐል ላይ ቆልፎ ቀረ። አንዳንድ ቀን ይለቀዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል። ዳገት መውጣት እንደምንም ይችላል፤ ቁልቁለት ግን አይሞከርም። የኛ አገር ደግሞ ምን ሜዳ አለው? እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጠ። ጋሽ ጥላዬ ከሾፌሮች አሮጌ የመኪና ጎማ ለምነው፣ የውስጡን በቀጭኑ ቆርጠው፣ ለጉልበቱ መጠምጠሚያ ሠሩለት። ትንሽ ይይዝለት ነበር። በየሳምንቱ እየሄዱ ያሹታል። እሽታው እንደማይጠቅም እሳቸው ያውቃሉ፣ እሱም ያውቃል።

ሰው ሽማግሌዎቹን ሊወቅስ ሲጀምር ጋሽ ጥላዬ ይቆጡ ነበር። «የማንንም ስም አታንሱ! የፈታው እጅ የኔ ነው» ይላሉ። እኔንም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የበሬውን ስም ግን ከዚያ ወዲያ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ልምምዱ ላይ መገኘት ጀመሩ። ቀድመው መስኩ ላይ ወጥተው ድንጋይ ይለቅማሉ፣ የአይጥ ጉድጓድ በአፈር ይደፍናሉ። ልጆቹ ሲመጡ መሐል ገብተው ያሠለጥናሉ፤ ያ ሁሉ ዕድሜያቸው! «እግርህን አትገትረው፣ አጠፍ! ስትዞር ባንዴ አትዙር፣ በትንሽ በትንሽ እርምጃ! ስትዘል እንደ ድመት ውረድ፣ ድምፅህ አይሰማ! ሳትሟሟቅ አትሩጥ!» ቁጢጥ ብለው ያሳዩአቸዋል፣ ከዚያ መነሳት ያቅታቸውና አንዱ ይደግፋቸዋል። ጎረምሶቹ ከኋላቸው ቁጢጥ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አንዱማ፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ገና ነው ወይስ ሜዳ መውጣት ነው የሚያስተምሩን?» ብሏቸው መስኩ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በነጋታው ተመልሰው መጡ።

እኔ ለተማሪዎቼ ሰውነት ማጎልመሻ ላይ ያንኑ አስተምር ነበር። አንዳንዶቹ ለመዱት። ገና ሲደርስ ግን ማን ያስታውሳል? ሰዉ ሲጮህ ሁሉም እግሩን ገትሮ ይዞራል። ከላይ አምባም አንድ፣ ከኛም አንድ፣ ቅል ያከለ ጉልበት ይዘው መጡባቸው። ያን ቀን ቤታቸው ብሄድ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያያሉ። «ሳይበጠስ ነበር እንጂ» አሉኝ፣ «ከተበጠሰ ወዲያ እኔ ምን እጅ አለኝ? ለምን አይሰሙኝም? አነጋገሬ ነው?» ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩላቸው። ትንሽ ቆይቶ መርሐቤቴ ተዛወርኩ።

ለአርባቸው ደረስኩ። ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። ሽፈራው በሩ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አገኘሁት። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጸጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ስለ ልጆቹ አወራኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ላመሰግንህ እየፈለግሁ ስንት ዓመት አፍሬ ቀረሁ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ጋሽ ጥላዬ ከመሞታቸው በፊት ነግረውኛል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ በዋዜማው ብቻህን መጥተህ፣ "እንዳይፈቱት፣ ጓደኛዬ ይሰናከልብኛል" ብለህ አልቅሰህ ለምነሃቸዋል። "እኔ አልሰማሁትም፣ መስቀል አሸነፈኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉኝ። "እግርህን አሳጥቼሃለሁ፣ ጓደኛህን ግን እወቀው" አሉኝ። አየህ፣ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አንተም ገፋፍተኸኛል ብዬ በሆዴ ይዤብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

አልሄድኩም። አላለቀስኩም። እጄ ሥር ሲንሸራተት እየተሰማኝ ደህና ነው ያልኩ እኔ ነኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ሽፈራው፣ ስማኝማ...» አልኩት።

ያን ጊዜ አንዱ ለጸሎት ተነሱ አለ። ሽፈራው ዱላውን ተክሎ ሲነሳ ጉልበቱ ከዳውና ወደኔ ወደቀ። ሁለት እጄን ሰድጄ ያዝኩት፤ አንዱ እጄ ከጉልበቱ በታች አረፈ። አጥንቱ ተንሸራተተ፣ እንደዚያን ቀን።

«ያዝኩህ፣ አይዞህ» አልኩት።

«አንተማ ድሮም አልለቀቅከኝም» አለኝ፣ ክንዴን ጨብጦ።

ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ለጋሽ ጥላዬ መሰለው። ካህናቱ ጸሎቱን ሲጀምሩ እንደደገፍኩት አጠገቡ ቆምኩ። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።